ዜሮ ድሮፕ የመሮጫ ጫማ፦ የጅማ ሯጮች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ማለዳ ከጅማ ስታዲየም ተነሥተን ወደ ጅሬን ዳገት አብረን የምንሮጥ ሰዎች ስለዚህ ጫማ ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ አስፍሬያለሁ።

ዜሮ ድሮፕ ጫማ ምን ዓይነት ጫማ ነው?

ድሮፕ የሚባለው በጫማው ውስጥ ተረከዝ የሚያርፍበት ቦታ ከመሬት ያለው ከፍታ፣ የጣቶች ሥር ከሚያርፍበት ቦታ ከፍታ የሚበልጥበት ልክ ሲሆን፣ የሚለካውም በሚሊ ሜትር ነው። ተረከዙ 32፣ ፊቱ 22 ሚሊ ሜትር ከሆነ የጫማው ድሮፕ 10 ነው። የተለመዱት የመሮጫ ጫማዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ድሮፕ አላቸው። ልዩነቱ ጨርሶ ጠፍቶ ተረከዝና ጣት እኩል ከፍታ ላይ ሲያርፉ ጫማው ዜሮ ድሮፕ ይባላል። በአጭሩ ታኮ የሌለው የመሮጫ ጫማ ነው።

ታዲያ ለሯጭ ይጠቅማል?

ለአንዳንዱ ሯጭ ይጠቅማል፤ ለእሱም ቢሆን ጥቅሙ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው። ጫማው የሩጫን ሸክም አያጠፋም፤ ከአንዱ የሰውነት ክፍል ወደ ሌላው ያዛውረዋል እንጂ። ታኮው ከፍ ሲል ጉልበት የበለጠ ይሠራል፤ ታኮው ዝቅ ሲል ደግሞ ባት፣ የተረከዝ ጅማትና የውስጥ እግር ጡንቻዎች የበለጠ ይሠራሉ። ስለዚህ ከጫማው ጥራት አስቀድሞ መታየት ያለበት እነዚህ ክፍሎች የሚጨመርባቸውን ሥራ ለመቀበል መዘጋጀታቸው ነው።

ጉልበቱን ደጋግሞ የሚያመው፣ ባቱ ግን ጤነኛ የሆነና ለሁለትና ለሦስት ወር ቀስ ብሎ ለመልመድ ትዕግሥት ያለው ሰው ቢሞክረው መልካም ነው። አሁን ባለው ጫማ ለዓመታት ያለ ሕመም የሮጠ ሰው ግን ጓደኛው ስላደረገው ብቻ የሚቀይርበት ምክንያት አይታየኝም።

ስስ ጫማ ማለት ነው? በባዶ እግር ከመሮጥስ ጋር አንድ ነው?

አይደለም፤ ይህን የሚያምታቱ ሰዎች ብዙ ናቸው። ድሮፕ የሚገልጸው በተረከዝና በፊት መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ እንጂ የሶሉን ውፍረት አይደለም። ለምሳሌ አልትራ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሎን ፒክ በሚል ስም የሚሠራው የኮረኮንችና የተራራ መንገድ ጫማ ዜሮ ድሮፕ ሆኖ ሳለ ከፊትም ከኋላም 25 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አለው። በሌላ በኩል ሶሉ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ፣ ጠጠሩን አንድ በአንድ የሚያስቆጥር ስስ ጫማም አለ፤ እሱም በአብዛኛው ዜሮ ድሮፕ ነው። ሁለቱም ባትን ይፈትናሉ፤ ስሱ ግን በዚያ ላይ የእግር አጥንቶችን ይፈትናል። ጀማሪ ሰው ዜሮ ድሮፕን መሞከር ከፈለገ ወፈር ካለው ቢጀምር ይሻለዋል።

የእኔ ጫማ ድሮፑ ስንት እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

ከውጭ አይቶ መገመት ያሳስታል፤ ምክንያቱም የሶሉ ጠርዝ ብዙውን ጊዜ ተረከዙን አቅፎ ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ እግር በእርግጥ የሚያርፍበት ቦታ ከውጭ ከሚታየው መስመር ዝቅ ይላል። እኔ ይህን የተማርኩት ሂርማታ ገበያ አጠገብ ከሚሠሩ አንድ ጫማ ሰፊ ዘንድ ነው። ያለቀ ጫማዬን ከተረከዙ እስከ አፍንጫው ለሁለት እንዲሰነጥቁልኝ ስለምናቸው፣ «ልስፋልህ እንጂ ለምን ታበላሸዋለህ?» እያሉ ቢላቸውን ሞርደው ከፈሉልኝ። ግማሹን አጋድሜ በማስመሪያ ስለካው ከተረከዝ ሥር 29፣ ከአውራ ጣት ሥር 20 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ ከውጭ ሲለካ ግን ተረከዙ 36 ነበር። ከዚህም በላይ ያስገረመኝ ፎም የሚባለው የሶሉ ለስላሳ ስፖንጅ ሁኔታ ነው። ከተረከዙ በስተውጭ ባለው ጎን ፎሙ ተጨፍልቆ፣ በጣቴ ስጫነው እንደ ካርቶን አልመለስ ብሎኝ ነበር፤ በውስጠኛው ጎን ግን ገና እንደ አዲስ ይለጠጥ ነበር።

ጫማውን መሰንጠቅ የማይፈልግ ሰው ምላሱ ውስጥ ባለው ጨርቅ ላይ የተጻፈውን የሞዴል ስም ይዞ የአምራቹን መግለጫ ቢፈልግ ድሮፑን ያገኘዋል። ተረከዙ ክፉኛ የተበላ ጫማ ግን በመግለጫው የተጻፈለት ድሮፕ እንደማይኖረው መርሳት አይገባም።

ዜሮ ድሮፕ ከጉዳት ይከላከላል የሚባለው እውነት ነው?

በደፈናው ይከላከላል የሚለው አባባል ማስረጃ የለውም። በዚህ ጉዳይ ላይ ከተሠሩት ጥናቶች ሁሉ ለጥያቄያችን ቀጥተኛ መልስ የሚሰጠው በሉክሰምበርግ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ነው። ተመራማሪዎቹ 553 ለጤናና ለደስታ የሚሮጡ ሰዎችን በዕጣ በሦስት ቡድን ከፍለው፣ ድሮፑ 10፣ 6 እና 0 ሚሊ ሜትር የሆነ ጫማ ሰጥተው ለስድስት ወር ተከታተሏቸው። በጥቅሉ ሲታይ በጉዳት መጠን በሦስቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም።

ትምህርት የሚሰጠው ግን የውስጡ ዝርዝር ነው። አልፎ አልፎ በሚሮጡት፣ ማለትም በየሳምንቱ መሮጥን ገና ባላዘወተሩት ላይ፣ ዝቅተኛ ድሮፕ ካነሰ ጉዳት ጋር ተያይዞ ተገኝቷል፤ አዘውትረው በሚሮጡት ላይ ደግሞ ከበለጠ ጉዳት ጋር። ይህ ብዙ ሰው ከሚጠብቀው ተቃራኒ ነው፤ ልምድ ያለው ሯጭ አዲስ ነገር ይችላል ብለን እናስባለንና። እኔ የምረዳው እንዲህ ነው፦ ለዓመታት በታኮ የሮጠ ሰው ጡንቻውና ጅማቱ በዚያው ልክ ተቃኝተዋል፣ የሚሮጠውም ኪሎ ሜትር ብዙ ነው፤ ስለዚህ ጫማውን ቀይሮ ኪሎ ሜትሩን ሳይቀንስ ሲቀር ይጎዳል።

ጉልበቴን ያመኛል፤ ብቀይር ይሻለኛል?

ሕመሙ ከጉልበቱ ሎሚ ሥር ወይም በዙሪያው የሚሰማና በተለይ ቁልቁለት ሲወርዱ የሚብስ ከሆነ፣ ዝቅተኛ ድሮፕ ሊያግዝ ይችላል። ታኮው ሲቀንስ ብዙ ሯጮች እርምጃቸውን ያሳጥራሉ፤ እግራቸውም ከሰውነታቸው ብዙ ቀድሞ ሳይሆን ከሥራቸው ማረፍ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ከሎሚው ሥር ያለው ግፊት ይቀንሳል።

ሆኖም ጫማ ሳይቀይሩ ተመሳሳይ ውጤት ማግኘት እንደሚቻል ማወቅ ይጠቅማል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚረግጡትን እርምጃ ቆጥረው በተመሳሳይ ፍጥነት ከ5 እስከ 10 በመቶ ቢጨምሩ እርምጃው በራሱ ያጥራል፣ የጉልበቱም ሸክም ይቀላል። ይህ ምንም ወጪ ስለሌለው መጀመሪያ ሊሞከር የሚገባው እሱ ነው። ጉልበቱ የሚያብጥ ወይም አልታጠፍ የሚል ከሆነ ግን ከጫማ አስቀድሞ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ፍጥነት ይጨምራል?

ድሮፑ በራሱ አይጨምርም። በፍጥነት ላይ ለውጥ የሚያመጣው የጫማው ክብደት ነው፤ በእያንዳንዱ ጫማ ላይ 100 ግራም ሲጨመር ለመሮጥ የሚወጣው ኃይል በ1 በመቶ ያህል ከፍ ይላል። ትዕግሥት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2023 በበርሊን በ2፡11፡53 በመግባት በወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችበት ጫማ 138 ግራም ብቻ የሚመዝን፣ ተረከዙ 39 ፊቱ 33 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ማለትም 6 ሚሊ ሜትር ድሮፕ ያለው ነበር።

አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸንፎ የለም እንዴ?

አሸንፏል፤ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ጎዳናዎች ላይ 42 ኪሎ ሜትሩን ያለ ጫማ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨርሷል። ከባዶ እግር በላይ ዜሮ ድሮፕ የሆነ ነገር ስለሌለ ሰዎች ይህን ማንሳታቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን ሁለት ነገሮች አብረው ሊነገሩ ይገባል። አንደኛ፣ አበበ ያለ ጫማ አድጎ፣ ያለ ጫማ ልምምድ ሠርቶ የመጣ ሰው ነበር፤ እግሩ ዕድሜውን ሙሉ ለዚያ ቀን ተዘጋጅቷል። ሁለተኛ፣ ከአራት ዓመት በኋላ በቶኪዮ ጫማ አድርጎ ሮጦ በ2፡12፡11 ገብቷል፤ ሦስት ደቂቃ ያህል ፈጥኖ ማለት ነው። የዚያ ጀግና ታሪክ ለእግር ጊዜ መስጠት ምን እንደሚሠራ ያሳያል፤ በዝግ ቢሮ ጫማ ዓመታትን ያሳለፈ ሰው በአንድ ቅዳሜ ሊደግመው የሚችለው ነገር ግን አይደለም።

ዜሮ ድሮፕ ካደረግሁ በራሱ በእግሬ ፊት ማረፍ እጀምራለሁ?

ሁሉም ሰው አይጀምርም። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ታዋቂ ጥናት በባዶ እግር የለመዱ የኬንያ ሯጮች በብዛት በእግራቸው ፊት እንደሚያርፉ ስለታየ፣ ታኮ ሲወገድ አረጋገጡ ይለወጣል የሚለው እምነት ተስፋፋ። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን በሰሜን ኬንያ በሚኖሩ፣ በእኛም አገር በኦሞ ታችኛው ሸለቆ ወገኖቻቸው ባሉ የዳሰነች ሰዎች ላይ በተሠራ ጥናት፣ በባዶ እግራቸው የኖሩ 38 ሰዎች በሚመቻቸው ፍጥነት ሲሮጡ 72 በመቶው አረጋገጥ በተረከዝ የሚያርፍ ሆኖ ተገኘ። ፍጥነታቸው ሲጨምር ግን በተረከዝ ማረፉ እየቀነሰ ሄደ።

ስለዚህ በቀስታ ሶምሶማ በሚሮጡበት ጊዜ ተረከዝዎ ቀድሞ ቢያርፍ ጥፋት አይደለም። በዜሮ ድሮፕ ጫማ ሆን ብለው በጣት ለመሮጥ የሚታገሉ ሰዎች ባታቸውን እጥፍ ድርብ ያደክማሉ፤ ያየኋቸው አብዛኞቹ የባት ጉዳቶች ከጫማው ይልቅ ከዚህ ትግል የመጡ ናቸው።

በጅማ ክረምት፣ በጭቃውና በዳገቱ ይሆናል?

ጭቃ ስለ ድሮፕ አያውቅም፤ የሚያውቀው የሶሉን ጥርስ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ዝናብ ቀዩ አፈራችን ከጫማ ሥር እየተለጠፈ በየእርምጃው ስለሚከብድ፣ ጥርሱ ጠለቅ ያለና የተራራቀ ሶል ያስፈልጋል። ዜሮ ድሮፕም ሆነ ባለ ታኮ፣ ለስላሳ ሶል ያለው ጫማ በረጠበ ኮብልስቶን ላይ ያንሸራትታል።

ዳገቱ ግን ከድሮፕ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን መንገድ ሲወጡ ተረከዝ ከጣት ዝቅ ብሎ ያርፋል፤ ባትና የተረከዝ ጅማትም በሜዳ ላይ ከሚለጠጡት በላይ ይለጠጣሉ። ባለ 10 ሚሊ ሜትር ጫማ ከዚህ የተወሰነውን ያካክሳል፤ ዜሮ ድሮፕ ምንም አያካክስም። እኔ ራሴ ጫማውን በቀየርኩ በሁለተኛው ሳምንት ሜዳው ስለቀለለኝ ተዘናግቼ ጅሬን ድረስ ወጣሁ። በማግሥቱ ከአልጋዬ ስወርድ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች የረገጥኩት ግድግዳ ይዤ ነበር፤ የግራ ተረከዜ ጅማትም ስድስት ሳምንት ከሩጫ አስቀረኝ። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ልምምድዎን በስታዲየሙና በሜዳማው መንገድ ላይ ይወስኑ፤ ዳገቱን በአሮጌው ጫማ ይውጡ።

ውድ ጫማ መግዛት አልችልም፤ ሸራ ጫማ አይበቃም?

ተራው ሸራ ጫማ ሶሉ ጠፍጣፋ ስለሆነ በልኬት ከዜሮ ድሮፕ ብዙም አይርቅም፤ በእሱ መራመድና ጥቂት ደቂቃ በሣር ላይ መሮጥ እግርን ለማለማመድ ጥሩ ነው። ችግሩ ጎማው ከባድ መሆኑ፣ ፊቱ ጣቶችን ማጣበቁና ውሃ ከጠጣ በኋላ ቶሎ አለመድረቁ ነው፤ ለረጅም ርቀት አልመክረውም።

ሰልባጅ ጫማ ለሚገዙ አንድ ምክር አለኝ። ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከኋላ በዓይንዎ ትክክል ይመልከቱት፤ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ የሌላ ሰው አረጋገጥ ፎሙን ቀርጾታልና ይተዉት። ከዚያም ተረከዙንና ፊቱን በአውራ ጣትዎ ይጫኑ። አንዱ ደርቆ ሌላው ከለሰለሰ፣ ጫማው ሲሠራ የነበረው ድሮፕ አሁን የለም።

እንዴት አድርጌ ልልመደው?

ከሁሉ አስቀድሞ እግርዎን ይፈትሹ። ጫማ አውልቀው አውራ ጣትዎን ከግድግዳ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቀው ይቁሙ፤ ተረከዝዎን ከመሬት ሳያነሡ ጉልበትዎን ግድግዳው ላይ ለማስነካት ይሞክሩ። ካልደረሰ ቁርጭምጭሚትዎ ወይም ባትዎ ገና አልተፍታታም፤ ቀጥሎ በተመለከተው እንቅስቃሴ ጥቂት ሳምንት ይሥሩበት። ከዚያም በአንድ እግርዎ ቆመው ተረከዝዎን ቀስ እያሉ ወደ ላይ ያንሡና ያውርዱ። በእያንዳንዱ እግር 25 ጊዜ ያህል ያለ ሕመም መሥራት የሚችል ሰው ለመጀመር ዝግጁ ነው ብል ብዙም አልሳሳትም። የማይችል ሰው በደረጃ ጠርዝ ላይ ቆሞ ተረከዙን ከጠርዙ በታች እያወረደ፣ 15 ጊዜ ሦስት ዙር፣ በየቀኑ ይሥራ።

ቀጥሎ ለሁለት ሳምንት በጫማው ይራመዱ፤ ወደ ገበያ፣ ወደ ሥራ ይሂዱበት። በሦስተኛው ሳምንት በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከተለመደው ሩጫዎ መጀመሪያ ላይ፣ ባትዎ ሳይደክም 10 ደቂቃ ብቻ ይሩጡበትና ቀሪውን በአሮጌው ጫማ ይጨርሱ። በየሳምንቱ አምስት አምስት ደቂቃ ይጨምሩ፤ ባትዎ ከሁለት ቀን በላይ ከተጨነቀ ግን ጭማሪውን ይተዉት። ከ10 ወይም ከ12 ሚሊ ሜትር በቀጥታ ወደ ዜሮ ከመውረድ በመካከል 4 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ያለው ጫማ መጠቀም የሚችል ሰው ቢጠቀም መንገዱ ይቀልለታል። በጠቅላላው ከሁለት እስከ ሦስት ወር፣ ለዓመታት ለሮጠ ሰው ደግሞ ከዚያም በላይ ይወስዳል።

ሦስት ሳምንት ሮጬበት ምንም አልሆንኩም፤ ማስጠንቀቂያው ተጋኖ አይደለም?

አልተጋነነም። ጡንቻ በሳምንታት ውስጥ ይጠነክራል፣ ሲደክምም ወዲያው ይናገራል፤ አጥንትና ጅማት ግን የሚለምዱት በወራት ነው፣ ሲጎዱም ዝም ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ጣት ጣቱ የተለየ ስስ ጫማ በአሥር ሳምንት ውስጥ እንዲለምዱ ከተደረጉ 19 ልምድ ያላቸው ሯጮች መካከል በ10ሩ የእግር አጥንት ውስጥ በኤምአርአይ የሚታይ የእብጠት ምልክት መጨመሩን አሳይቷል። እነዚያ በጣም ስስ ጫማዎች ስለሆኑ ወፍራሙ ዜሮ ድሮፕ ያንኑ ያህል ያደርሳል ማለት አይደለም፤ ሦስት ሳምንት ዝም ማለቱ ግን የአጥንትን ፈቃድ አያሳይም።

ያመመኝ ድካም ይሁን ጉዳት በምን ለይቼ አውቃለሁ?

የባት ድካም በሁለቱም እግር የሚሰማ፣ ሰፋ ባለ ቦታ ላይ የተሰራጨ፣ ሲያሞቁ የሚላላና በሁለት ቀን ውስጥ የሚጠፋ ነው። ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ የተረከዝ ጅማት ደርቆ መራመድ የሚያስቸግር ከሆነና ይህም ከቀን ወደ ቀን ከቀጠለ፣ ሩጫው መቀነስ አለበት። በእግር ጀርባ ላይ በአንድ ጣት ጫፍ ለይተው የሚያሳዩት፣ ሲጫኑት የሚወጋ፣ በሩጫ ላይ እየባሰ የሚሄድ ሕመም ደግሞ የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ስለሚችል ሩጫው በዚያው ቀን መቆም ይኖርበታል።

እንዲህ ያለውን ሕመም ይዘው ወጌሻ ዘንድ እንዳይሄዱ አጥብቄ እለምናለሁ። በወጌሻ እጅ የዳኑ ብዙዎችን አውቃለሁ፤ ነገር ግን የተሰነጠቀ አጥንት ሲታሽ ይብስበታል። ሐኪም ዘንድ ሄደው ራጅ ንጹሕ ነው ቢባሉም ወዲያው ወደ ሩጫ አይመለሱ፤ ይህ ዓይነቱ ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት በራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። እንዲሁም ስኳር ኖሮባቸው እግራቸው የመደንዘዝ ስሜት ያለበት ሰዎች ሕመሙን ላይሰሙት ስለሚችሉ፣ ያለ ሐኪማቸው ምክር ይህን ለውጥ ባይሞክሩት ይሻላል።

ከለመድኩት በኋላ በውድድር ቀን ባለ ታኮ ጫማ ባደርግ ይጎዳኛል?

እግርዎ በየሳምንቱ ሁለቱንም የሚያውቅ ከሆነ አይጎዳዎትም። ጫማ ማፈራረቅ ሸክሙን በተለያዩ ክፍሎች ላይ ስለሚያከፋፍል፣ ዜሮ ድሮፕ የለመደ ሰው ሌላውን ጨርሶ መጣል አያስፈልገውም። እኔ አሁን በሳምንት ከምሮጥባቸው አራት ቀናት ሁለቱን በዜሮ ድሮፕ በሜዳ፣ ሁለቱን በ8 ሚሊ ሜትር ጫማ በዳገትና በረጅም ርቀት አደርጋለሁ። ለውድድር የታሰበው ጫማ ግን ቢያንስ በሦስት ወይም በአራት ልምምዶች፣ አንዱም ረጅም በሆነበት፣ አስቀድሞ ሊሮጥበት ይገባል።